ዋሽንት ለድምፅ ትምህርት፤ በመተማ ቆላ

በሱዳን ጠረፍ ባለው በመተማ ቆላ ስለ ድምፅ የሚያስተምር መምህር ቤተ ሙከራ ባይኖረው እንኳ ዋሽንት አያጣም። ዋሽንት ሁለቱ ጫፎቹ ክፍት የሆኑ የሸምበቆ ቱቦ ነው። አራቱ ቀዳዳዎች በጣት ሲደፈኑ የሞገዱ ርዝመት የቱቦው እጥፍ ያህል ይሆናል። የድምፅ ፍጥነት ለዚህ ርዝመት ሲካፈል በሰከንድ የሚነዝርበት ቍጥር ይገኛል።

የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 40 ዲግሪ ሲሆን 355 ሜትር ያህል ይደርሳል። እንግዲህ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ዋሽንት በወይና ደጋው በጎንደር 343 ጊዜ ቢነዝር፣ በመተማ የበጋ ሐሩር 355 ጊዜ ይነዝራል ማለት ነው። ይህም የግማሽ ቃና እኩሌታ ያህል ከፍ ይላል። ይሁንና የነፊው ትንፋሽ የቱቦውን አየር ስለሚለውጠው በተግባር ልዩነቱ ከዚህ ያንሳል።

ሙከራው ቀላል ነው። በርዝመት እኩል የሆኑ ሁለት ዋሽንቶች ይዘጋጁ፤ አንዱ በጥላ፣ ሌላው በፀሐይ ይቆዩ፤ ከዚያም ሁለት ተማሪዎች ባንድነት ይንፏቸው። ቃናቸው ጥቂት ሲለያይ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይሰማል። ተማሪው «ሙቀት የድምፅን ፍጥነት ይጨምራል» የሚለውን በቃሉ ከመሸምደዱ በፊት በጆሮው ሰምቶ ምክንያቱን ይጠይቃል። መምህሩም ቀመሩን መጻፍ ያለበት ይህ ጥያቄ ከተነሣ በኋላ ነው።