ጊዜያዊ የተባለው ኮታ

የአገር ውስጥ ሠራተኛን ከባዕድ ሸቀጥ የመከላከሉ ክርክር ኢኮኖሚያዊ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጆን ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1962 ላወጡት የንግድ ሕግ የደቡብ ግዛቶችን እንደራሴዎች ድምፅ ይሹ ነበርና፣ አስቀድመው በ1961 በጥጥ ጨርቅ ላይ «የአጭር ጊዜ» የኮታ ስምምነት አስደረጉ። የአጭር ጊዜው በረጅም ጊዜ ተተካ፤ በ1974 ሱፍንና ሰው ሠራሽ ክርን ጨምሮ እስከ 2004 መጨረሻ ዘለቀ።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። ፋብሪካው የተዘጋበት ሠራተኛ በአንድ ከተማ ተሰብስቦ ድምፁን ይሰጣል፤ በሸሚዝ ዋጋ ጥቂት ሳንቲም የሚጨመርበት ሸማች ግን የተበተነ ነው፤ መጎዳቱንም ልብ አይልም።

ይሁን እንጂ ኮታው ሥራውን አላዳነም። የአንዱ አገር ድርሻ ሲሞላ ነጋዴው ስፌቱን ድርሻው ወዳልተነካ አገር ያዛውራል። የደቡብ ኮሪያው ዴዉ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ የባንግላዴሽ ኩባንያ ጋር የተሻረከው በዚሁ ስሌት ነበር፤ ዛሬ ባንግላዴሽ ከዓለም ታላላቅ ልብስ ላኪዎች አንዷ ናት። የአሜሪካ ሰፊዎች ቁጥር ግን ኮታው ሳይነሣ ማሽቆልቆሉን ቀጠለ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2000 የወጣው የአሜሪካ ሕግ (አጎዋ) ለአፍሪካ ልብስ የቀረጥ በር ከፈተ፤ ኢትዮጵያ ግን በጦርነቱ ሳቢያ በ2022 መባቻ ከዚሁ ዕድል ተሰረዘች። በዋሽንግተን የተከፈተው በር በዋሽንግተን ሲዘጋ፣ በጦርነቱ ውሳኔ እጃቸው የሌለበት የሐዋሳ ልብስ ሰፊ ሴቶች እንጀራ አደጋ ላይ ወደቀ።