የኵላሊት ሕመምተኛ ክንድ
ስለ አጠባበቁ ለቤተ ሰብ የቀረበ ምክር

ኵላሊት በስውር ተቀምጦ ቀንና ሌሊት ያለ ዕረፍት ደምን የሚያጠራ አገልጋይ ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን ሥራውን ሲያቋርጥ ነው። ዛሬ በብዙ ክርስቲያን ቤት አባት ወይም እናት፣ ወንድም ወይም እኅት ለኵላሊት እጥበት ወደ ሐኪም ቤት ይመላለሳል። ስለ መሣሪያው ብዙ ይነገራል፤ ስለ ገንዘቡም ብዙ ይታሰባል። ነገር ግን ደሙ ከሰውነት ወጥቶ የሚመለስበት በር ካልተጠበቀ መሣሪያውም ገንዘቡም ሊረዳ እንደማይችል የሚያስተውል ጥቂት ነው።

የዚህ በር ዋጋ ከታሪኩ ይታወቃል። ሆላንዳዊው ሐኪም ዊለም ኮልፍ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ካምፐን በምትባል ከተማ የአንዲት የ29 ዓመት ሴት ደም ራሱ በሠራው መሣሪያ አጠበ። እጥበቱ 12 ጊዜ ተደገመ፤ በየጊዜውም የደም ሥር ይበላሽ ነበርና በመጨረሻ ደም የሚቀዳበት ሥር ታጣ። መሣሪያው መሥራት ሳያቅተው ሕመምተኛዪቱ ዐረፈች። በ1960 ዓ.ም. በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር በክንድ ደም ቅዳና ደም መልስ ውስጥ የቴፍሎን ቱቦ አስገብቶ በዚያው እንዲቈይ አደረገ፤ የመጀመሪያው ሕመምተኛም ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ያህል ኖረ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ ዶክተር ብሬሻና ዶክተር ቺሚኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር በቆዳ ሥር በስፌት የሚያገናኘውን ዘዴ አሳተሙ። ይህም ፊስቱላ የሚባለው ነው።

ፊስቱላ የሚለው ስም በአገራችን በወሊድ ምክንያት እናቶችን በሚያገኘው ጕዳት የታወቀ ስለ ሆነ፣ አንዳንዱ ሲሰማው ይደነግጣል። ይህኛው ግን ሐኪም ለጥቅም የሚሠራው መገናኛ እንጂ በሽታ አይደለም። ከልብ የሚመጣው ብርቱ ደም ወደ ደም መልሱ ሲገባ ሥሩ ይሰፋል፤ ግድግዳውም ይጠነክራል። ለዚህም ብዙውን ጊዜ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ያስፈልጋል። መሣሪያው በየደቂቃው 300 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ደም ስለሚስብ፣ ያልሰፋ ሥር ይህን ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ ኵላሊቱ መድከሙ የታወቀ ሰው የእጥበቱ ቀን ሳይደርስ ከሐኪሙ ጋር ሊመክር፣ ለምርመራ ደም ሲቀዳም ክንዱን አድኖ ከእጁ ጀርባ እንዲቀዳለት ሊለምን ይገባዋል።

እጥበት በተለመደው ሥርዓት በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜውም 4 ሰዓት ያህል ነው። በየጊዜው 2 መርፌ ይገባል፤ አንዱ ደሙን ያወጣል፣ ሁለተኛው የጠራውን ይመልሳል። በዓመት ሲታሰብ 312 መርፌ ይሆናል። መርፌዎቹ እጅግ ከተቀራረቡ የታጠበው ደም ተመልሶ ወደ መሣሪያው ይሳብና እጥበቱ ይጓደላል። መርፌው ዘወትር በአንድ ስፍራ ዙሪያ ቢወጋ ደግሞ የሥሩ ግድግዳ ይሳሳል፤ ቦታውም ያብጣል። ስለዚህ ነርሶች እንደ መሰላል እርከን በየጊዜው ከፍና ዝቅ እያደረጉ ቦታውን ይለዋውጣሉ። በአንድ ቀዳዳ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚወጋበት ሌላ ዘዴም አለ፤ ነገር ግን ቀዳዳው በቀላሉ ሊያመረቅዝ ስለሚችል በሠለጠነ እጅና በብርቱ ንጽሕና ብቻ የሚሠራ ነው። አንዳንድ ሕመምተኛ የደነዘዘው ስፍራ ስለማያመው ነርሷን «እዚያው ውጊኝ» ይላታል። የዛሬን ሕመም ሽሽት የነገውን ሥር ማጥፋት ስለ ሆነ፣ ቤተ ሰብ በፍቅር ሊመክረው ይገባል።

በቤት ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባው ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ሕመምተኛው በየማለዳው ጣቶቹን በፊስቱላው ላይ አሳርፎ ንዝረቱን ይዳስስ። ንዝረቱ ከጠፋ ደሙ ረግቶ ይሆናልና ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ሁለተኛ፣ በዚያ ክንድ የደም ግፊት አይለካ፤ ለምርመራም ደም አይቀዳ። ሦስተኛ፣ በዚያ ክንድ ሰዓት፣ አምባር፣ ክርም ቢሆን አይታሰር፤ ከባድ ዕቃ አይንጠልጠልበት፤ ተንተርሰውትም አይተኙ። አራተኛ፣ ከእጥበት በፊት ክንዱ በሳሙና ይታጠብ። አምስተኛ፣ መቅላት፣ ማበጥ፣ መግል ወይም ትኵሳት ከታየ ሳይዘገዩ ለሐኪም ያሳውቁ። ስድስተኛ፣ ከእጥበት በኋላ ቀዳዳው ቢደማ በንጹሕ ጨርቅ በዚያው ነጥብ ላይ በጣት አጥብቀው ይጫኑ፤ ክንዱንም ከፍ ያድርጉ፤ በየጊዜው እየገለጡ አይመልከቱ። ደሙ እየፈናጠቀ ከወጣ ወይም አልቆም ካለ፣ መጫኑን ሳያቋርጡ ፈጥነው ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት።

ብዙዎች ኵላሊታቸው መድከሙን ዘግይተው ስለሚያውቁ እጥበቱን የሚጀምሩት በአንገት ወይም በደረት በሚገባ ቱቦ ነው። የዚህ ቱቦ ጫፍ ወደ ልብ የቀረበ ስለ ሆነ፣ በእርሱ በኩል የገባ ረቂቅ ሕዋስ በቀጥታ ከደም ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ የተሸፈነበት ፋሻ ውኃ ሊነካው አይገባም።

እዚህ ላይ የእኛን ቤት የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ቱቦ ያለበት ሕመምተኛ በእምነት ጸበል ሊጠመቅ ሲሄድ ውኃው ፋሻውን ቢያርሰው ለሞት የሚያደርስ ሕመም ሊያገኘው ይችላል። ደግሞም ሽንት የማይወጣው ሰው ብዙ ጸበል ቢጠጣ ውኃው በሰውነቱ ተጠራቅሞ ሳንባውን ያስጨንቀዋል። ይህን ማለት በጸበል ኃይል መጠራጠር አይደለም። ሕመምተኛው ነገሩን አስቀድሞ ለአጥማቂው ካህን ቢገልጽ፣ ቱቦው ባልገባበት በኩል፣ እጁንና እግሩን በጥቂቱ ሊረጩት፣ ወይም ጥቂት ሊያስጐነጩት ይችላሉ፤ የጠጣውም ሐኪሙ ለቀኑ ከፈቀደው ውኃ ይቈጠራል። ስለ ጾሙም ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ቤተ ክርስቲያን ለድውያን የምታዝን እናት ናትና። ከሁሉ የከፋው «ጸበል ጀምሬአለሁ» ብሎ እጥበቱን ማቋረጥ ነው፤ ሰው ይህን ሲያደርግ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ሕይወቱ ያልፋል። ጸሎትና ሕክምና የሚጣሉ አይደሉም።

የቤተ ሰብ ድርሻ ገንዘብ ማዋጣት ብቻ አይደለም። እንስራውን ተቀብሎ መሸከም፣ ንዝረቱን በየማለዳው መጠየቅ፣ መርፌ የሰለቸውን ሰው ማጽናናት የአስታማሚ ሥራ ነው። የድውያን ፈዋሽ አምላክ ለታመሙት ብርታትን፣ ለሚያስታምሟቸውም ትዕግሥትን ይስጥ።