ሁለት ዳርቻ፣ ሁለት ወቅት፦ ስለ ስሪላንካ የሰርፊንግ ጉዞ የሚባለውና እውነታው

ሰርፊንግ፣ ማለትም በቦርድ ላይ ቆሞ ሞገድን መጋለብ፣ ለመማር ስሪላንካን የሚመርጡ ሰዎች በርክተዋል። ከዱባይና ከዶሃ በረራው አጭር ነው። ከእስራኤል ደግሞ ወታደራዊ አገልግሎታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ለዓመታት ሲመላለሱባት ኖረዋል። ኑሮው ርካሽ፣ ባሕሩ ሞቃት፣ አስተማሪው ብዙ ነው። ስለ ጉዞው የሚወራው ነገር ግን ግማሹ ልክ አይደለም፤ ሰው የማያሰጋውን ፈርቶ የሚያሰጋውን ረስቶ ይሄዳል።

ኪስን ከሁሉ የሚጎዳው ስህተት «ሐሩር አገር ስለሆነ መቼም ቢሄዱ ያው ነው» የሚለው ነው። ሙቀቱ በእርግጥ ያው ነው። የባሕሩ ውኃ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ጥር ይሁን ሐምሌ ብዙ ልዩነት የለውም። የሚለዋወጠው ነፋሱ ነው። ስሪላንካ ላይ ሞንሱን የሚባሉ ሁለት ወቅታዊ ነፋሶች ይፈራረቃሉ። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ሂካዱዋ፣ ሚዲጋማ፣ ዌሊጋማና ሚሪሳ ባሉበት ዳርቻ ላይ ዝናቡን ያወርዳል፤ ከባሕር ወደ የብስ ስለሚነፍስም ሞገዱን ቅርጽ ሳይዝ ያፈርሰዋል። በእነዚሁ ወራት በምሥራቁ ዳርቻ፣ ከፖቱቪል ከተማ አጠገብ ያለችው አሩጋም ቤይ ፀሐይ ናት። ያው ነፋስ እዚያ ሲደርስ ከየብስ ወደ ባሕር የሚወጣ ስለሆነ የሞገዱን ፊት ያለሰልሰዋል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደቡቡ ይጠራል፣ ምሥራቁ ይዘንባል፣ አሩጋም ቤይ ካሉት የእንግዳ ማረፊያዎችም ብዙዎቹ ይዘጋሉ።

ለኢትዮጵያ ተጓዥ ይህን መያዝ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ክረምት ሆኖ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምሥራቅ፤ ለገናና ለጥምቀት ከሆነ ደቡብ። በሐምሌ የዌሊጋማን ሆቴል በግማሽ ዋጋ ያገኘ ሰው ዋጋው የወረደበትን ምክንያት መጠየቅ ነበረበት። ዌሊጋማ በባሕረ ሰላጤ ውስጥ ስለተከለለች በዝናቡ ወራትም ለጀማሪ የሚሆን ጠዋት ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን የዕድል ጉዳይ ነው።

«ካልሆነም ወደ ሌላኛው ዳርቻ ብቅ እላለሁ፤ ትንሽ ደሴት አይደለች?» የሚልም አለ። ስፋቷ 65,610 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ኢትዮጵያ 17 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። ሆኖም ከኮሎምቦ እስከ አሩጋም ቤይ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በመኪና ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይወስዳል፤ ባቡር አይደርስም። ወደ ዌሊጋማ ግን በባሕሩ ጥግ የሚሄድ ባቡርም ፈጣን መንገድም አለ። ከደረሱ በኋላ ከአንዱ ሞገድ ወደ ሌላው የሚያዘዋውረው የምናውቀው ባጃጅ ነው፤ ቦርዱ ጣሪያው ላይ ይታሰራል።

ሞገድን የሚያዩበትም መንገድ ያሳስታል። «ዛሬ ነፋስ የለም፣ ስለዚህ ሞገድ የለም» ይባላል። ለሰርፊንግ የሚሆነው ሞገድ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከ40 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ ወዲያ ባለው ውቅያኖስ ላይ ኃይለኛ ነፋስ ውኃውን ለቀናት ሲመታው ጉልበቱ ይጠራቀምና በረድፍ መጓዝ ይጀምራል። አንዱ ሞገድ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ 16 ሰከንድ የሚወስድበት ረድፍ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ስሪላንካ ለመድረስ አምስት ቀን ያህል ይፈጅበታል። ትንበያው ከቀናት በፊት የሚታወቀውም ለዚህ ነው። በሰርፍላይን ወይም በዊንድጉሩ ድረ ገጽ ትንበያ የሚያይ ጀማሪ ዓይኑ የሚተከለው ቁመቱ ላይ ብቻ ነው፤ የሰከንዱን ቁጥር ቢያይ የበለጠ ይጠቅመዋል። በ7 ሰከንድ የሚመጣ አንድ ሜትር ሞገድ ደካማና የተዘበራረቀ ነው። ያው አንድ ሜትር በ15 ሰከንድ ሲመጣ ግን ጉልበቱ ሌላ ነው፣ ጀማሪን ሊያስጨንቅ ይችላል። በደቡብ ንፍቀ ክበብ የክረምቱ ማዕበል የሚበረታው ከሰኔ እስከ ነሐሴ በመሆኑ የአሩጋም ቤይ ሞገድም የሚያይለው ያን ጊዜ ነው።

እናቶች ሲሰሙ «ሱናሚ የመታው አገር አይደል?» ማለታቸው አይቀርም። አዎ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ስሪላንካ ውስጥ ብቻ ከ30,000 በላይ ሰው ሞቷል። ያን ያመጣው ግን በሱማትራ አቅራቢያ ከባሕር ሥር የተነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ ነፋስ ከሚወልደው ሞገድ ጋር ዝምድና የለውም። በትንበያ ላይ ትልቅ ሞገድ መታየቱ የሱናሚ ምልክት አይደለም። መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ወይም ባሕሩ ድንገት ወደ ኋላ ከሸሸ ግን ቦርዱን ጥሎ ወደ ከፍታ መሮጥ ነው።

«ቦርዱ ይንሳፈፋል፣ ገመዱም ቁርጭምጭሚቴ ላይ ታስሯል፤ ዋና ምን ያደርግልኛል?» ከሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ገመዱ ሊበጠስ፣ ማሰሪያውም ሊፈታ ይችላል። ያን ጊዜ ቦርዱ በሞገድ ተገፍቶ ዳር ይወጣል፣ ባለቤቱ እዚያው ይቀራል። ከእኛ ዋና የሚችለው ብዙው ሰው የለመደው የሆቴል ገንዳን ወይም ላንጋኖን ነው። ባሕር ከዚያ የሚለየው ስለሚጎትት ነው። ሞገዶች ወደ ዳር የገፉት ውኃ መመለሻ ይፈልጋል፤ ጠለቅ ባለው ቦታ ይሰበሰብና እንደ ጅረት ወደ ውጭ ይፈስሳል። እዚያ ሞገድ ስለማይሰበር ቦታው ከሁሉ ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ጀማሪውም «እዚህ ይሻለኛል» ብሎ የሚገባው በዚያ ነው።

የዚህ ጅረት ፍጥነት አንዳንድ ጊዜ በሰከንድ 2.4 ሜትር ይደርሳል። በፓሪስ ኦሊምፒክ 100 ሜትሩን በ46.40 ሰከንድ ዋኝቶ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ቻይናዊው ፓን ዣንሌ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.15 ሜትር ነበር። ስለዚህ ፊት ለፊት ታግሎ መመለስ ለማንም አይሆንም። «ወደ ታች ይውጣል» የሚባለው ግን ሐሰት ነው። የሚወስደው ወደ ውጭ ነው፣ ሞገዱ ከሚሰበርበት መስመር ሲያልፍም ይደክማል። ሰው የሚሰጥመው ሲታገለው ጉልበቱ ስለሚያልቅ ነው። መውጫው ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን መዋኘት ነው፤ ቦርድ ካለ እሱን ሙጥኝ ብሎ እጅ ማንሳት። በአሜሪካ የባሕር ዳር ነፍስ አድን ሠራተኞች ከሚያወጧቸው ሰዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚህ ጅረት የተያዙ ናቸው። ልምድ ያላቸው ሰርፈሮች ደግሞ ይህንኑ ጅረት ሳይደክሙ ወደ ውጭ ለመውጣት ይጠቀሙበታል።

ጥልቀትም ያታልላል። ሞገድ የሚሰበረው የውኃው ጥልቀት የሞገዱን ቁመት 1.3 እጥፍ ያህል ሲሆን ነው፤ ስለዚህ የአንድ ሜትር ሞገድ የሚሰበረው ደረት በሚደርስ ውኃ ላይ ነው። ከቦርድ ሲወድቁ በራስ መጥለቅ አይገባም። ጠፍጠፍ ብሎ ወድቆ፣ ሲወጡ በሁለት እጅ ራስን መሸፈን ይሻላል።

ሻርክ? በመላው ዓለም እ.ኤ.አ. በ2023 ሳይተነኮስ ሰው የነከሰበት አጋጣሚ 69 ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 በመስጠም የሞተው ሰው 300,000 ነው። አሩጋም ቤይ አካባቢ መፍራት ካስፈለገ ከባሕሩ ጀርባ ባሉት ሐይቆች ያለውን አዞ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በዚያ አካባቢ በአዞ ተይዞ ሞቷል። ከሰርፊንግ በኋላ ጨውን ለማጠብ ወደ ሐይቁ ወረድ ማለት አይገባም።

ሙቅና እርጥብ አገር ሲባል ቆላ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ወዲያው የሚያስበው ወባን ነው። ስሪላንካ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ከወባ ነፃ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል። ያለው ዴንጊ የተባለው የትኩሳት በሽታ ነው። ተሸካሚዋ ትንኝ በቀን ስለምትነክስ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም፤ ቀን ቀን የትንኝ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላው ነገር ቢጫ ወባ ነው። እሱ በስሪላንካ የለም፤ ኢትዮጵያ ግን ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች ከዚህ የሚሄድ ሰው የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መውሰድ ያስፈልጋል። ድሮ የተከተቡም አይቸገሩ፤ ካርዱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የዕድሜ ልክ ሆኗል። ቪዛውን ግን እንደያዙት ፓስፖርት አስቀድሞ ማጣራት ነው። የጸጥታውንም ነገር እንዲሁ፤ በጥቅምት 2024 የአሜሪካ ኤምባሲ በአሩጋም ቤይ የቱሪስት ቦታዎች ላይ ጥቃት ሊደርስ እንደሚችል አስጠንቅቆ እስራኤል ዜጎቿ ቦታውን እንዲለቁ ጠይቃ ነበር።

«ጥቁር ቆዳ በፀሐይ አይቃጠልም» የሚለው በከፊል ብቻ እውነት ነው፤ ዘግይቶ ይቃጠላል እንጂ ይቃጠላል። ውኃ ላይ ሦስት ሰዓት ለሚቆይ ሰው ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ሹራብ ይጠቅመዋል፤ ሆድና ደረቱንም ከቦርዱ ፍትጊያ ያድንለታል።

ስለ ቦርድ ደግሞ፣ በፊልም የሚታየው አጭርና ሹል ቦርድ ለጀማሪ አይሆንም። ስምንት ወይም ዘጠኝ ጫማ ርዝመት ያለው የስፖንጅ ቦርድ ይሸከማል፣ በቀላሉ አይገለበጥም፣ ቢመታም ብዙ አይጎዳም። ዌሊጋማ ዳርቻ ላይ በየአሥር እርምጃው ይከራያል፤ ከአየር መንገድ ጋር ስለ ሻንጣ ክፍያ መከራከር አያስፈልግም።

ሰርፊንግ የፈረንጅ ወንዶች ጨዋታ ነው የሚለውን ለማስተባበል ሃዋይ ድረስ መሄድ ይቻል ነበር፤ ጨዋታው የፖሊኔዥያ ሕዝቦች ነውና። አሩጋም ቤይ ግን ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአካባቢው ሴቶች፣ ከእነሱም እናቶች የሆኑት ጭምር፣ በአገሪቱ የመጀመሪያውን የሴቶች የሰርፊንግ ክበብ እዚያ አቋቁመዋል።

«ባሕር የሁሉም ነው፤ የቀደመ ይነሣበት» ደግሞ እዚያው ያጣላል። በአንድ ሞገድ ላይ አንድ ሰው ነው ሕጉ፤ ቅድሚያው ሞገዱ መሰበር ለሚጀምርበት ነጥብ ለቀረበው ነው። በሌላ ሰው ፊት ገብቶ መነሣት ያስቆጣል፤ ቦርድ ከቦርድ፣ ራስ ከራስ ያጋጫልም። በሐምሌና በነሐሴ የአሩጋም ቤይ ዋናው የሰርፊንግ ቦታ በሰው ይጨናነቃል፣ ታቹም አለት ነው። ጀማሪ ቤቢ ፖይንት ወይም ዊስኪ ፖይንት ቢሄድ ይሻለዋል፤ ያውም ነፋሱ ሳይነሳ፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ።