የላስታን መስቀል ሠሪ ስለ መለየት

በላስታ አብያተ ክርስቲያናት ያለውን የመጾር መስቀል ማን እንደ ሠራው ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ጽሕፈቱን ያነባል። ነገር ግን «ዝንቱ መስቀል ዘ...» ተብሎ የሚቀረጸው ስም አብዛኛውን ጊዜ የሰጪው ወይም የባለቤቱ እንጂ የአንጥረኛው አይደለም። «የላሊበላ መስቀል» የሚለውም የቅርጽ ስም ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባም ይሠራል። ስለዚህ ሠሪውን ከሥራው ላይ መፈለግ ይገባናል። ናሱ በሰም ቅርጽ የፈሰሰ ነው ወይስ ብሩ ተቀጥቅጦ የተፈለፈለ? የዘንጉ ማስገቢያ እንዴት ተያያዘ? እኛ ከሁሉ ይልቅ የመሮውን ዱካ እናምናለን፤ ሐረግ ከሌላው ይቀዳልና፣ የእጅን ልማድ መቅዳት ግን ያስቸግራል።

አፍሮ አይገባ በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ወደ ቤልጅግ ቢሻገርም፣ ስመ ጥር ነውና ኋላ ተገኝቶ ተመልሷል። ያልታወቀ የገጠር ደብር ግን ይህ ዝርዝር አስቀድሞ ካልተጻፈለት፣ መስቀሉ በገበያ ቢገኝ እንኳ የእኔ ነው ብሎ የሚከራከርበት ማስረጃ የለውም።