ገላ ማጠብ በስንት ደቂቃ ይለካል?

ለንደን ገና አልነጋም። ኬረሯ፣ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዳ የምትረዳው ሠራተኛ፣ ከአውቶቡስ ወርዳ በአንዲት አሮጊት ቤት በር አጠገብ የተሰቀለችውን ትንሽ የቁልፍ ሣጥን በምስጢር ቁጥሯ ትከፍታለች። ስልኳን አውጥታ መዝገቡ ላይ የተለጠፈውን ኮድ ስታነብ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ጓንቷን አጥልቃ፣ ሽርጧን አስራ፣ «እንደምን አደሩ?» ብላ ትገባለች። አሮጊቷን ከአልጋ ደግፋ ታነሳለች፤ ሽንት ቤት ታደርሳለች። ውሃው እስኪሞቅ በእጇ እየሞከረች ትጠብቅና ታጥባቸዋለች። ቆዳቸውን ትቀባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ታስውጣለች፣ ሻይ ታፈላለች። በመጨረሻም «ታጠቡ፣ ለበሱ፣ መድኃኒት ወሰዱ፣ ሻይ ጠጡ» ብላ ጽፋ ወደሚቀጥለው ቤት ትሮጣለች። ለዚህ ሁሉ የሚሰጣት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። ሩብ ሰዓት የሚሆንበትም አለ።

ይህ የአንዲት ሴት ታሪክ ሳይሆን በእንግሊዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬረሮች የየዕለት ጠዋት ነው። ከእነሱ መካከል ሐበሾችም አሉ። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» እየተባለ ሲመረቅ ሰምቶ ላደገ ሰው፣ መጦር በደመወዝ፣ በሰዓትና በመዝገብ ሲሆን ማየት መጀመሪያ ግር ይላል። ኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ የዚያ ጠዋት እንክብካቤ ጥሩ እንደነበር በምን ይታወቃል? ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

የእንግሊዝ ሕግ «ፐርሰናል ኬር» የሚለው ሰውን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ሽንት ቤት ማድረስን፣ የአፍ፣ የቆዳ፣ የፀጉርና የጥፍር ንጽሕናን መጠበቅ ነው። ይህን የሚሠራ ኤጀንሲ በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሥራ በጀመረው የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን መመዝገብ አለበት። ጽዳትና ገበያ ብቻ የሚሠራ ግን አይመዘገብም። ኮሚሽኑ አምስት ነገር ይጠይቃል፦ አገልግሎቱ ሰውን ከጉዳት ይጠብቃል? ውጤት አለው? ርኅራኄ አለው? ለሰውየው ፍላጎት መልስ ይሰጣል? በደንብ ይመራል? ከ2014 ወዲህ መልሱ «የላቀ»፣ «ጥሩ»፣ «መሻሻል የሚያስፈልገው» ወይም «ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ይወጣል።

ችግሩ ኢንስፔክተሩ ከሚሄድበት ቦታ ይጀምራል። የአረጋውያን ማቆያ ቢሆን በድንገት ገብቶ ምግቡን ይቀምሳል፣ ሽታውን ያሸታል፣ ደወል የደወለ ሰው ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ በዓይኑ ያያል። ቤት ለቤት አገልግሎት ላይ ግን የሚመረመረው የኤጀንሲው ቢሮ ነው። ኢንስፔክተሩ የሥልጠና ማስረጃ፣ የሥራ ሰዓት ድልድል፣ የአቤቱታ ፋይልና የመድኃኒት ቅጽ ያገላብጣል፤ ለጥቂት ደንበኞችና ቤተሰቦች ስልክ ይደውላል። የሰው መኖሪያ የሚገባው ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ ነው። ይህ መሆን ያለበት ነው፤ የገዛ ቤቱ በር ላይ ማዘዝ የማይችል ሰው ምን ክብር ቀረው? ነገር ግን የተጠበቀው በር ምስክርም ያሳጣል።

በሩ ገፋ ብሎ የታየበት አንድ ጊዜ 2011 ነው። የአገሪቱ የእኩልነትና የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በቤታቸው የሚረዱ አረጋውያንን ጉዳይ መርምሮ ባወጣው ሪፖርት፣ ቃላቸውን ከሰጡት አረጋውያንና ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ በአገልግሎቱ ረክተዋል። ከዚያው ጎን ግን ለመብላትና ለመጠጣት በቂ እገዛ ያላገኙ፣ ኬረሯ መጥታ ከሄደች በኋላ በቆሸሸ የሌሊት ልብስና አንሶላ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። አንዲት ሴት በሁለት ሳምንት ውስጥ 32 የተለያዩ ኬረሮች እንደመጡላቸው መዝግበዋል። ያንን እስቲ አስቡት፦ በየቀኑ ከሁለት የሚበልጥ አዲስ ሰው ፊት ልብስ ማውለቅ ነው። የእያንዳንዷ ኬረር ሥራ ለብቻው ቢመዘን «ጥሩ» ሊባል ይችላል። የተበላሸው ድምሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ደቂቃ ላይ ተተከለ። የ2014ቱን የእንክብካቤ ሕግ ለማስፈጸም የወጣው የመንግሥት መመሪያ፣ ገላን የሚነካ እርዳታ ለሚያስፈልገው ሰው 15 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ጉብኝት ተገቢ እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጧል። በ2015 ናይስ የተባለው የጤናና የእንክብካቤ መመሪያ አውጪ ተቋም ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጉብኝት ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ እንዲደረግ መከረ፦ ኬረሯ በሰውየው ዘንድ የምትታወቅ ስትሆን፣ ጉብኝቱ የሰፋ እርዳታ አካል ሲሆን፣ ሥራውም የተወሰነና በተሰጠው ጊዜ የሚያልቅ ሲሆን። ምክር ግን ገንዘብ አይደለም። ካውንስሎች፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደሮች፣ አገልግሎቱን የሚገዙት በጊዜ ነው፤ ስልክ ላይ የሚነበበው ኮድም ለክፍያ የሚመች መረጃ ይሰጣል። ኬረሯ ገብታ መውጣቷን ይናገራል፤ ከቤት ወደ ቤት የፈጀችው ጊዜ ካልተከፈላት የሚቀጥለውን ሰው ልብስ በምን ችኮላ እንደምታለብስ ግን አይናገርም። በ2013 አንድ የይግባኝ ችሎት ይህ የመንገድ ጊዜ ለዝቅተኛው ደመወዝ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል ብሎ ቢወስንም ክሱና ክርክሩ ቀጥሏል።

ጥራትን ከደቂቃ አውጥቶ ለመለካት የተሞከረ የተሻለ መንገድ አለ። የኬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት አስኮት የተባለው መለኪያ ስለ ሰውየው ሕይወት ስምንት ነገሮችን ይጠይቃል። ንጽሕና፣ ምግብና መጠጥ፣ ደህንነት፣ የቤት ምቾት አሉበት፤ በራስ ቀን ላይ ማዘዝ፣ ከሰው ጋር መገናኘትና ቀኑን የሚያውሉበት ነገር ማግኘትም አሉበት። ስምንተኛው ክብር ነው፦ የሚረዱበት መንገድ ስለ ራስዎ ምን እንዲሰማዎ ያደርጋል? ሁለት ሰዎች እኩል ንጹሕ ሆነው ለዚህች ጥያቄ የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚገኘው ሲታጠቡ ትከሻቸው ላይ ፎጣ ጣል በመደረጉ ወይም ባለመደረጉ ነው።

አስኮትም ቢሆን መልሱ ላይ ይደናቀፋል። በሰው እጅ የሚኖር ሰው «ደህና ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው» ይላል። ቅሬታው ወደ ኤጀንሲው ቢደርስ ነገ የምትመጣዋ ያቺው ኬረር ናት፤ ወይም ጭራሽ የሚመጣ ይጠፋል። ኬረሯም በበኩሏ ትፈራለች። ብዙዎቹ የሰዓት ዋስትና የሌለው ውል ላይ ናቸው፤ ያጉረመረመች ሠራተኛ ሳትባረር ሰዓቷ ይመነምናል። በ2022 ኬረሮች ከውጭ በሥራ ቪዛ እንዲመጡ ሲፈቀድ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተጨመረ፦ ቪዛው ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ሥራውን የለቀቀች ሴት አዲስ ስፖንሰር ለማግኘት በተለምዶ የሚሰጣት 60 ቀን ነው። ከውጭ አዲስ ኬረር መቅጠር በሐምሌ 2025 ሲቆም እንኳ ቀድሞ የመጡት እዚያው ናቸው። እንግዲህ እውነቱን የሚያውቁት ሁለቱ ሰዎች፣ ሁለቱም ዝም የሚሉበት ምክንያት አላቸው።

ዝምታውን ይሰብራል የተባለው መርማሪም በ2024 ራሱ ተመረመረ። ፔነሎፒ ዳሽ የመሩት ግምገማ፣ የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽኑ ሊመረምራቸው ከሚችላቸው ተቋማት ከአምስቱ አንዱ ያህል ደረጃ ተሰጥቶት እንደማያውቅ፣ በማኅበራዊ እንክብካቤ በኩል ያለው እጅግ ያረጀ ደረጃም የ2015 እንደሆነ አሳየ። የጤና ሚኒስትሩ ዌስ ስትሪቲንግ ኮሚሽኑ ለተቋቋመበት ዓላማ ብቁ አይደለም አሉ። ድረ ገጽ ላይ «ጥሩ» የሚለውን አይቶ ለእናቱ ኤጀንሲ የመረጠ ልጅ፣ ያነበበው ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት በሌሎች ኬረሮች ስለተሠራ ሥራ ነው።

መድኃኒቱ ሌላ ቅጽ አይመስለኝም። ቢሮ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ከሁሉ የሚናገረው የሥራ ድልድሉ ነው፤ አንድ ቤት በወር ስንት የተለያየ ሰው ገባ? በሁለት ጉብኝት መካከል ለመንገድ ስንት ደቂቃ ተተወ? ይህ የማንንም ምስክርነት አይጠይቅም፣ ማንንም ለአደጋ አያጋልጥም። ኬረሯም አለቃዋ በማይሰማበት ትጠየቅ። ለአሮጊቷ ሲደወል ደግሞ «ረክተዋል?» አይባሉ፤ ለሱ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ዛሬ ማን እንደመጣች፣ ስሟን ያውቁት እንደሆነ፣ የሚለብሱትን ማን እንደመረጠ፣ ውሃው ሞቅ እስኪል ተጠብቆላቸው እንደሆነ ይጠየቁ። ይህን መዝገቡ አልጻፈውም፤ ገላቸው ግን ያስታውሰዋል።