ከደብዳቤ ወደ ስልክ፦ በቤተሰብ ውስጥ የአንባቢው ድርሻ

ስለ ቴክኖሎጂ ዕድገት የሚቀርቡ ዘገባዎች በአብዛኛው የመሣሪያ ቆጠራ ናቸው፤ ይህን ያህል መስመር ተዘረጋ፣ ይህን ያህል ምሰሶ ተተከለ፣ ይህን ያህል ደንበኛ ተመዘገበ ይላሉ። ቁጥሩ ለዕቅድ አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ለመምህሩም ሆነ ለትምህርት ዕቅድ አውጪው ከመሣሪያው ብዛት ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ። ይኸውም አዲሱ መሣሪያ ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ የማንበቡ ሥራ በማን ላይ እንደሚወድቅና ማንበብ የማይችለው የቤተሰቡ አባል በማን እጅ እንደሚገባ ነው። ባለፉት ሦስት ትውልዶች በኢትዮጵያ ገጠር የታየው ለውጥ ከዚህ አንጻር ሲታይ ከቁጥሮቹ የማይገኝ ትምህርት ይሰጣል።

ፖስታና ስልክ ወደ አገሪቱ የገቡት በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 አካባቢ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ይግቡ እንጂ ዕድላቸው አንድ አልነበረም። ስልኩ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የቤተ መንግሥት፣ የመሥሪያ ቤትና የከተማ ነዋሪ ንብረት ሆኖ ሲቆይ ደብዳቤው ግን ፖስታ ቤት በሌለበትም አካባቢ ሳይቀር ገበያተኛ፣ ነጋዴና መንገደኛ እየያዘው ተጓዘ። ልጁ ወታደር የሆነበት አባት፣ ባሏ ለአጨዳ ወደ ሁመራ ወይም ለጥጥ ለቀማ ወደ አዋሽ ሸለቆ የወረደባት ሚስት፣ የሩቁን ሰው ደህንነት የሚያውቁት በዚሁ በሰው እጅ በሚመጣ ወረቀት ነበር።

ወረቀቱ ግን በራሱ አይናገርም። ስለዚህ በየመንደሩ አንድ አንባቢ ያስፈልግ ነበር። ቀድሞ ይህ ሥራ የቄሱ ወይም የዲያቆኑ ነበረ፤ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከተስፋፋ በኋላ ደግሞ የተማሪው ሆነ። የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጎረቤት ያስጠራዋል፤ ቡና ተፈልቶ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ እርሱ ቆሞ ያነባል። ደብዳቤው ሰላምታውን አርዝሞ የእያንዳንዱን ዘመድ ስም እየጠራ ደህንነት ከጠየቀ በኋላ ወደ ዋናው ጉዳይ ይገባል፤ ዋናው ጉዳይ አንዳንድ ጊዜ ሞት፣ አንዳንድ ጊዜ ዕዳ ነው። በዚህን ጊዜ ልጁ የማንበብ ችሎታ ብቻ ሳይሆን ማስተዋልም ይጠየቃል። መርዶ በሕዝብ ፊት እንዳይነገር ዘሎ ማለፍን፣ የቤት ምስጢርን ሰምቶ እንዳልሰማ መሆንን ይማራል። መልሱንም የሚጽፈው እርሱ ነው፤ እናቲቱ እየተናገረች እርሱ ይጽፋል፤ ንግግሯንም ወደ ደብዳቤ ቋንቋ ይለውጠዋል። በመምህራን ዘንድ እምብዛም ሳይስተዋል የቀረው ይህ የድርሰት ልምምድ በክፍል ውስጥ ከሚሰጠው የድርሰት ትምህርት የማይተናነስ ጥቅም ነበረው። በከተማ ደግሞ ይህንኑ አገልግሎት በገንዘብ የሚሰጠው በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት በር ላይ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከፈለጋቸው ውጤቶች አንዱ ይህን ጥገኝነት ማስቀረት ነበር። ትምህርቱ በሂደት በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ከዘመቻው የወጣው ጎልማሳ ፊደል ለየ፣ ቁጥር ጻፈ፣ በጣት አሻራ ፋንታ መፈረም ቻለ። በብዙ ቤት ግን ችሎታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደበዘዘ። ምክንያቱ የተማሪው ስንፍና አልነበረም። ከትምህርቱ በኋላ የሚነበብ ነገር በገጠር አለመኖሩ ነበር። ጋዜጣ አይደርስም፤ መጽሐፍ አይሸጥም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የምትመጣ ደብዳቤም ንባብን አታጸናም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጎልማሳው የተማረው ፊደል ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት በዚያው ዘመን ማንበብን የማይጠይቁ መሣሪያዎች መግባታቸው ነው። በባትሪ የሚሠራው ራዲዮ ወሬውን በድምፅ አመጣ። ቀጥሎም የካሴት ቴፕ መጣና በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ድምፁን ቀርጾ መላክ ጀመረ። ካሴቱን ለማጫወት ሁለት ቁልፎችን መለየት ይበቃል፤ ለቅሶውም ሳቁም ያለ አንባቢ ይሰማል። የመንደሩ አንባቢ ልጅ ድርሻ መቀነስ የጀመረው ያኔ ነው።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ገጠሩን በሰፊው ያዳረሰው ግን ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የመጀመሪያው ውጤቱ ከካሴቱ ጋር አንድ ዓይነት ይመስል ነበር፤ ቤይሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከእናቷ ጋር ያለ አማላጅ ትነጋገራለች፤ ሦስተኛ ሰው በመካከል የለም። እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጢሯን ለጎረቤት ልጅ ሳታሰማ ከሩቅ ልጇ ጋር አወራች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስልክ ሰውን ከሰው አራራቀ የሚለው ዘወትር የሚሰማ ወቀሳም ይህን ያላገናዘበ ነው።

ሆኖም ስልኩ እንደ ካሴት ሁለት ቁልፍ ያለው ዕቃ አልነበረም። ድምፁን ለመስማት አስቀድሞ ቁጥር መለየት፣ ስም መፈለግ፣ ካርድ ፍቆ ረጅም ቁጥር ሳይሳሳቱ ማስገባት፣ የቀረውን ሒሳብ ለማወቅ *804# መጫን ያስፈልጋል። የሚስኮል ዘዴም ቢሆን፣ ማለትም አንድ ጊዜ ጠርቶ መዝጋት ማለት ደርሻለሁ ነው ተብሎ የሚደረገው ስምምነት፣ የደወለው ማን እንደሆነ መለየትን ይጠይቃል። በዚህ ላይ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ስልኮች የኢትዮጵያን ፊደል አያውቁም ነበር። ፊደላችን በኮምፒዩተር ዓለም አቀፍ የሆሄያት መለያ በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመታት የገበያው ርካሽ ስልክ የሚጽፈው በላቲን ፊደል ብቻ ነበር። የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜም ተመሳሳይ ችግር ደርሶ ነበር፤ ያን ጊዜ እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉ ሰዎች መኪናውን ከፊደሉ ጋር ለማስማማት ደክመዋል። በስልኩ ጊዜ ግን ሕዝቡ ራሱ ከመኪናው ጋር ተስማማ፤ አማርኛውን በላቲን ሆሄ እየጻፈ መልእክት መላላክን ለመደ።

የዚህ ትርጉም በትውልዶች መካከል ሲታይ ግልጽ ነው። በ1970ዎቹ ፊደል ቆጥሮ የተመረቀ ሰው ከ30 ዓመት በኋላ የገዛ ልጁ ስም በስልኩ ላይ ተጽፎ ሊያነበው አልቻለም። ማንበብ ስለማይችል ሳይሆን የተጻፈበት ሆሄ ስላልተማረው ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን በመጨረሻ አኃዞቻቸው መያዝ፣ በደብተር ጽፎ ማስቀመጥ ወይም ልጅ መጥራት ግድ ሆነበት። ከደብዳቤ ጋር የሄደው አንባቢ ልጅ በዚህ በር ተመልሶ ገባ።

ሰዓቱና የቀን አቆጣጠሩም ሊዘነጋ አይገባም። ስልኩ 8 ሲል የቤቱ ሰዓት 2 ነው። አንዳንዱ ሰው የስልኩን ሰዓት በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ በመመለስ ችግሩን ያቃልላል፤ ሌላው ግን በልቡ እየቀነሰ ይኖራል። የዓመቱም ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። አዋቂ ሲሳሳት ቀጠሮ ያልፈዋል፤ ልጁ ግን ሁለቱን አቆጣጠር እያፈራረቀ ሲያሰላ መዋሉን የሒሳብ መምህሩ እንኳ አያውቅለትም።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የመግባባት ጉዳይ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን የገንዘብ ጉዳይ ሆኗል። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከ40 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንደ ነበሩት ድርጅቱ አስታውቋል። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ ወደ ገበያው ገባ፤ በዚያው ዓመት የነዳጅ ሽያጭ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ እንዲፈጸም ተደረገ። አገልግሎቱ ዘመናዊ ስልክ ለሌለውም *127# በመጫን ስለሚሠራ በእርግጥ ሰፊ ነው። ባንክ በሌለበት ወረዳ ከውጭ ወይም ከከተማ የተላከን ገንዘብ መቀበል ከአንድ ቀን መንገድ ያድናል።

ነገር ግን ለገንዘቡ ቁልፉ የምስጢር ቁጥር ነው፤ የሚመጣውም ማረጋገጫ የጽሑፍ መልእክት ነው። ሁለቱም ንባብን ይጠይቃሉ። ማንበብ የማትችል አያት የምስጢር ቁጥሯን ለልጅ ልጇ ትነግራለች፤ ያለዚያ ገንዘቧን ልታወጣ አትችልም። ቀድሞ ደብዳቤ የሚያነብ ልጅ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት ምስጢር ማውጣት ነበር። ዛሬ ስልክ የሚነካው ልጅ የቤቱን ጥሪት በእጁ ይዟል። አብዛኛው ልጅ ታማኝ መሆኑ የማይካድ ቢሆንም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ኃላፊነት መሸከሙ በራሱ ሊያሳስብ ይገባል። አታላዩም ይህን ያውቃል፤ ሽልማት ደርሶሃል፣ በስልክህ የገባውን ቁጥር ንገረኝ እያለ የሚደውለው በቤቱ ውስጥ ስልኩን የያዘው አዋቂ የሚያነበውን የማያረጋግጥ መሆኑን ተስፋ አድርጎ ነው። ስለዚህ ማንበብ አለመቻል ቀድሞ ዜና ያዘገይ ነበር፤ አሁን ገንዘብ ያሳጣል።

ትምህርት ቤቱ በዚህ ሁሉ መካከል የነበረው ቦታ የሚያኩራራ አይደለም። ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል የገባበት ትልቁ ሙከራ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ስለነበር ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው፣ መምህሩም ሊያቀዘቅዘው አይችልም ነበር። መምህሩ በመግቢያና በመዝጊያ በተሰጡት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ግማሽ ሰዓት የፈሰሰውን መልሶ ማብራራት ይጠበቅበት ነበር። መሣሪያው ጥሩ ነበር፤ ተቀባዩ ምን ያህል ያነባል፣ ምን ያህል ይሰማል የሚለው ጥያቄ ግን ከመሣሪያው በኋላ መጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጉም ትምህርት በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲሰጥ ሲደረግ የተጠቀመው በአብዛኛው መብራትና መረብ ያለው የከተማ ልጅ ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ገደማ የሚሆነው የኤሌክትሪክ ኃይል በማያገኝበት አገር ይህ የሚያስገርም አልነበረም።

አሁን የሚቀረው ሥራ ከዚያ ያነሰ ወጪ፣ ምናልባትም የተሻለ ፍሬ ያለው ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የሒሳብ መምህር ልጁ በቤቱ የሚያደርገውን የሰዓትና የዘመን ማስላት ወደ ክፍል ቢያመጣው ተማሪው የሚያውቀውን ነገር በደንብ ያውቀዋል፤ 15፡00 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት የሆነበትን ምክንያት ማስረዳትም ይችላል። የቋንቋ መምህሩም ተማሪው ለቤተሰቡ የሚያነብበትን መልእክት፣ የብር መጠኑን፣ የላኪውን ስምና ቀኑን ለይቶ የማውጣት ልምምድ ሊያደርገው ይችላል። የድሮው ደብዳቤ አንባቢ ያለ አስተማሪ የተማረውን ይህኛው በአስተማሪ ቢማረው ጉዳት የለውም።

ዋናው ሸክም ግን ልጁ ላይ መቅረት የለበትም። በተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሚማሩ አባቶችና እናቶች በመጀመሪያው ወር ከሚማሩት ጋር ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች በስልክ ገበታ ላይ መለየት፣ የራሳቸውን የምስጢር ቁጥር በራሳቸው እጅ ማስገባትና የደረሰውን የብር መጠን አንብቦ ማረጋገጥ ቢካተት፣ የ1970ዎቹ ምሩቅ ያጣውን ዕለታዊ የንባብ ዕድል ያገኛሉ። መልእክቱ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ጋዜጣና ደብዳቤ ያላደረጉትን እርሱ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ግን የሚሆነው መልእክቱ ጎልማሳው በሚያውቀው ቋንቋና ፊደል ሲመጣ ነው። ዘመናዊው ስልክ ዛሬ የኢትዮጵያን ፊደል ስለሚያሳይ መሣሪያው እንቅፋት የሚሆንበት ጊዜ እያለፈ ነው። የቀረው አገልግሎት ሰጪዎቹ ደንበኛው ቋንቋውን ሲመዘገብ እንዲመርጥ ማድረጋቸውና ምዝገባውን የሚያከናውነው ወኪል ይህን ሳይጠይቅ እንዳያልፍ መከታተል ነው።

ዕቅድ አውጪው አንድ ተጨማሪ ነገር ሊመዘግብ ይገባዋል። በብዙ የገጠር ቤት አንድ ስልክ ብቻ አለ፤ ቀን ቀን የሚይዘውም ባልየው ነው። የጎልማሶች ክፍል ከሰዓት በኋላ ሲከፈት የምትመጣው ግን ሚስትየው ናት። ስለዚህ የጣቢያው ክፍል ለልምምድ የሚሆን የራሱ ስልክ ከሌለው፣ ሴቲቱ የምትማረው ገበታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣለው ብቻ ይሆናል።