የመንደር ድምፅ፤ በእንግሊዝ አገር ያለ ደመወዝ ስለሚሠራ ራዲዮ

ራዲዮ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከሩቅ የሚመጣውን ድምፅ ነው፤ የመንግሥታት ወሬና የታላላቅ ከተሞች ሙዚቃ የሚሰማው በእርሱ ነውና። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር የመንደር ሰዎች ለገዛ መንደራቸው የሚናገሩበት ራዲዮ አለ። ሠራተኞቹ ደመወዝ ሳይቀበሉ በፈቃዳቸው የሚደክሙ ናቸው፤ ለቤተ ሰብና ለጎረቤት ኑሮ የሚሰጠውንም ጥቅም ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

በዚያ አገር ቢ.ቢ.ሲ. የተባለው ድርጅት፤ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ዓመት ለሕዝብ መናገር ከጀመረ ወዲህ፤ ብዙ ዘመን የራዲዮ ፈቃድ የእርሱ ብቻ ሆኖ ኖረ። በ1967 ለየአውራጃው የሚናገሩ ጣቢያዎችን ከሌስተር ከተማ ጀምሮ አቆመ፤ በ1973ም በማስታወቂያ ገንዘብ የሚተዳደር የነጋዴ ራዲዮ በሎንዶን ተከፈተ። ይሁን እንጂ የትንሽ መንደር ጉዳይ ለታላቁ ድርጅት ጠባብ፤ ለነጋዴውም ትርፍ የሌለው ነበረ። ስለዚህ በ2002 ዓመት 15 ጣቢያዎች ለሙከራ ተፈቅዶላቸው ፍሬው መልካም ሆኖ ስለ ተገኘ፤ በ2004 የሕዝብ ራዲዮ ደንብ ወጣ።

ደንቡ ጣቢያው ለሕዝብ ጥቅም እንጂ ለትርፍ እንዳይቆም፤ ገንዘብ ቢተርፈው ለዚያው አገልግሎት እንዲያውለው፤ የአገሩም ሰዎች በሥራውና በአስተዳደሩ እንዲገቡበት ያዛል። ፈቃዱን የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው ኦፍኮም የተባለው መሥሪያ ቤት ነው።

ለምሳሌ በሰሜን ዮርክሻየር በካውሊንግ መንደር የተቋቋመውን ድራይስቶን ራዲዮን እንመልከት። ካውሊንግ በኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች የቀድሞ የሸማኔዎች መንደር ናት፤ በ1924 የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት የሸማኔው ልጅ ፊሊፕ ስኖደን በ1864 የተወለዱት በዚያው ነው። ድራይስቶን የሚባለው ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የሚካብ ድንጋይ ነው። የዚያ አገር ገበሬዎች የበግ ማሰማሪያቸውን የሚያጥሩት በዚህ ካብ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደገፈ ብዙ ዘመን ይቆማል። ስሙም ለሥራው የተገባ ነው፤ ጣቢያውን የሚያቆመው ሰው በሰው መደገፉ ነውና።

በእንዲህ ያለ ጣቢያ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ባለ ሱቁ፣ ተማሪውና የቤት እመቤቷ በየተራቸው ይቀመጣሉ። አዲስ የመጣ ሰው የድምፅ መቀበያውን አያያዝ፣ ዘፈንን ከንግግር ጋራ ማመጣጠንን፣ ሰዓት መጠበቅንና የሰውን ክብር አለመንካትን ይማራል። ደመወዝ የለም ተብሎ ሥርዓት አይፈርስም። ምንም እንኳ ሰው በሌለበት ሰዓት ዘፈኑን ኮምፒዩተር ቢያሰማ፤ መንገዱንና ጎረቤቱን በስም የሚያውቀውን ድምፅ ሊተካው አይችልም።

ጥቅሙም ከሁሉ ይልቅ በቤት ውስጥ ይታያል። በረዶ በወረደ ጠዋት የትኛው ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ እናት ከጣቢያው ትሰማለች። ልጆቻቸው የራቁባቸው ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳሉ የሚያውቁት ሰው ሲናገር ሲሰሙ ብቸኝነታቸው ይቀላል። ሰው ፊት መናገር የሚያፍር ወጣትም በዚያ አንደበቱ ይፈታል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን በየቤቱ ባስቀመጠ ጊዜ፤ ከእነዚህ ጣቢያዎች የብዙዎቹ ተናጋሪዎች ከየቤታቸው ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚሻል ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

ነገር ግን ሥራው ያለ ችግር አይደለም። ለፈቃድ፣ ለሙዚቃ ባለ መብቶች፣ ለኤሌክትሪክና ለቤት ኪራይ የሚከፈለው ገንዘብ ከትንሽ ማስታወቂያና ከስጦታ መሰብሰብ አለበት። ከዚህም የሚብሰው የሰው መጉደል ነው። የቀድሞዎቹ ሲያረጁ ተተኪ ካልመጣ፤ አንድ ድንጋይ እንደ ወለቀበት ካብ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ፈቃዳቸውን መልሰው ዝም ያሉ ጣቢያዎችም አሉ።

እንግዲህ የዚህ ራዲዮ ዋጋው በማሽኑ ብርታት አይለካም፤ ድምፁ ከጥቂት ኪሎ ሜትር አያልፍምና። ዋጋው ከዕረፍቱ ሰዓት ከፍሎ ለጎረቤቱ በሚሰጠው ሰው ነው። ቤተ ሰብ በመነጋገር እንደሚጸና መንደርም እንዲሁ ነው፤ የሚናገርለት ልጅ ያላጣ መንደር የታደለ ነው።